ሮማነወርቅ የታመመ ቤት አትገባም

ሮማነወርቅ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ሁለት የጥጥ ፈትል ባቷ ላይ አጋድማ በመዳፏ ወደ ታች ታሽከረክራለች። ፈትሎቹ ተጠማዝዘው አንድ ሲሆኑ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ታጠብቀዋለች፤ ከዚያ በክንዷ ለክታ በምላጭ ትቆርጠዋለች። የቆረጠችውን ጠቅልላ ቀለሙ የለቀቀ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። በደህናው ጊዜ ይህን ስትሠራ እጇን አታየውም ነበር። ዘንድሮ ግን ታያለች። የአውራ ጣቷ አንጓ አብጧል። ፈትሉ ያመልጣታል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ሳይጋመዱ ጎን ለጎን ይቀሩና ፈትታ እንደገና ትጀምራለች።

ግቢያችን ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ ነው። የምትቀመጥበት ደረጃ ከእኔ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉንም አያለሁ። አዲስ የገቡ ተከራዮች "ምን እየሠሩ ነው እማማ?" ብለው ሲጠይቋት "ማሰሪያ" ትላቸዋለች። ምን እንደሚታሰርበት አትጨምርም። እኛ ነባሮቹ አንጠይቅም። በዚያ ፈትል የሞተች ሴት አውራ ጣቶች አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ የእግሯም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ ነው በነጩ አቡጀዴ የምትገነዘው።

ወንድ ሲሞት ወንዶች ያጥቡታል። ሴት ስትሞት ግን ከጉራራ እስከ ላይኛው ጫካ ድረስ የምትጠራው ሮማነወርቅ ነች። ሥራውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አማቷ የሞቱ ጊዜ ገና ሙሽራ ነበረች፤ የሚያጥቡት ሴትዮ "ያዢልኝ" ብለው ማንቆርቆሪያውን ሰጧት፤ ያዘች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ያዩ ሴቶች ቀጥሎ ሰው ሲሞት ጠሯት፤ ከዚያም ቀጥሎ። እንዲህ እየተጠራች አረጀች።

ውሃው እንዲፈላ አትፈልግም። እንደ ሕፃን ገላ ውሃ ለብ ሲል በክርኗ ትሞክረዋለች። ከፊት ትጀምራለች፤ ቀጥሎ ቀኝ እጅ፤ ቀጥሎ ቀኝ ጎን። እያጠበች ታወራቸዋለች። "በይ እስቲ ዞር በይልኝ የኔ እመቤት። እንዲህ ያለ ፀጉር ይዘሽ ነው በሻሽ ስትሸፍኚው የኖርሽው?" ትላለች። ማን ምን ጠባሳ እንደነበራት፣ ማን ልጅ ወልዳ ደብቃ እንደኖረች ገላቸው ይነግራታል፤ ከአፏ ግን ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ምስር እየለቀምን ሳለ፣ ሰው ከየት ማርጀት እንደሚጀምር ጠየቀችኝ።

"ከጉልበቱ" አልኳት፤ የራሴን አስቤ።

"ከተረከዙ ነው። ፊትማ ብዙ ዘመን ይዋሻል። ጀርባ ደግሞ አያረጅም። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ጀርባዋ የልጃገረድ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅ፣ ፀሐይም አላገኘው።"

ይህን ካለችኝ ወዲህ እግሬን ስታጠብ ተረከዜን ሳላየው አላልፍም።

ሥራዋ ሰው አሳጥቷታል። ሾላ ገበያ በርበሬ ስትመርጥ የምታውቃት ሴት ካጋጠመቻት ሴትዮዋ ሰላምታዋን ሰጥታ ቶሎ ትርቃለች፤ አጠገቧ ብዙ የቆመች እርጉዝ አይቼ አላውቅም። በሰፈራችን ሬሳ ያጠበ እጅ ሠልስት ሳይወጣ የታመመ ቤት አይገባም ይባላል። ይህን ልማድ ከማንም በላይ የምትጠብቀው ራሷ ናት። ከልማዱም አልፋ፣ ማንንም ሳታጥብ በቆየችበት ወራት እንኳ የታመመ ሰው ስትጠይቅ አጥር ላይ ቆማ "እግዜር ይማርህ በሉልኝ" ብላ ትመለሳለች። ገብታ የታየች እንደሆነ ታማሚው ያበቃለት ይመስለዋል።

በነገሩ የሚቀልዱባት የግቢያችን ሰው ጋሽ ኤጀታ ብቻ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ጉንፋን ይዟቸው ፀሐይ ላይ ጋቢ ተከናንበው ሲቀመጡ፣ ሮማነወርቅ በፊታቸው ስታልፍ፣ "ሮማን! ገና ነኝ! ደሞ ወንድ ነኝ፤ እለፊ!" ይሏታል።

ባለቤታቸው ጸሐዬ ከውስጥ ትጮሃለች። "ተው አንተ ሰውዬ! ነገ የምታጥበኝን ሰው አታስቀይምብኝ! ሮማን፣ ሌላ ሴት እንዳታስነኪኝ፣ አደራ!"

"ማን መጀመሪያ እንደሚሄድ በምን አወቅሽ?" ትላታለች ሮማነወርቅ።

"አንቺማ የት ትሄጃለሽ? አንቺ ከሄድሽ እኛ ሳንታጠብ ልንቀር ነው?"

ሁላችንም እንስቃለን።

ደብሪቱ የምትባለው ጓደኛዋ ግን ከሁሉም የተለየች ነበረች። እጇን የማትፈራ፣ አንገቷን አቅፋ የምትስማት እሷ ብቻ ናት። ሁለቱ ልጃገረድ ሳሉ ከእንጦጦ ቅጠል እየተሸከሙ ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰፈር ኖረው፣ በአንድ ወር ወልደው፣ በአንድ ዓመት ባል ቀብረዋል። የሰፈሩ ግማሽ ለመንገድ ሲፈርስ የደብሪቱም ቤት ፈረሰና ልጇ ሰላማዊት ወደ ካራ ወሰደቻት። ካራ ሩቅ አይደለም፤ ለአሮጊት እግር ግን ሩቅ ነው። መጀመሪያ በየበዓሉ፣ ቀጥሎ በየዓመቱ፣ ኋላ በስልክ ብቻ ሆነ። በዚህ ክረምት ደብሪቱ መተኛቷን ሰማን። ጉበቷ ነው አሉ።

ሮማነወርቅ ያን ቀን ፈትሏን አልነካችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከእንጦጦ እየወረደ ባሕር ዛፎቹን አንድ በአንድ የሚውጠውን ጉም ስታይ ቆየች።

"የማውቀውን ሰው ሁሉ የተሰናበትኩት ዓይኑ ከተከደነ በኋላ ነው" አለችኝ። "ደብሪቱን ግን እያየችኝ ልሰናበታት። አንድ ቃል ከአፏ ልስማ። ልጅ እንደነበርኩ የምታውቅ እሷ ብቻ ቀርታለች። እሷ ከሄደች እኔ አሮጊት ሆኜ የተወለድኩ ነኝ።"

በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ካራ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ሮማነወርቅ ብርቱካን የያዘ ፌስታል በአንድ እጇ፣ የእኔን ክንድ በሌላው ይዛለች። ሰላማዊት በሩን ከፈተችና እሷን ስታይ መልሳ ገርበብ አደረገችው። ደግ ልጅ ናት፤ ፊቷ ከእንቅልፍ እጦት ጠቁሯል።

"እንደምን ዋሉ እትዬ ሮማን" አለች፤ ከበሩ ሳትነሳ።

"እግዜር ይመስገን። እናትሽን ልጠይቅ ነው ልጄ።"

"እትዬ ሮማን፣ በማርያም እንዳይከፋብዎት። አሁን ተኝታለች።"

"እስክትነቃ እቀመጣለሁ።"

ሰላማዊት ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሌሊቱን ሙሉ ስምዎን ስትጠራ ነው የምታድረው። 'ሮማንን ጥሩልኝ' ትላለች። እኔ የርስዎን ሥራ እያወቅሁ፣ እናቴ እርስዎን ጥሩልኝ ስትል ምን ልበል? ሞቴን ጥሩልኝ ማለቷ አይደለም? እንዴት አድርጌ በእጄ በር ልክፈትልዎ?"

ሮማነወርቅ ብርቱካኑን ደፉ ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። ስንመለስ ታክሲ ውስጥም አላወጣቻቸውም።

ከዚያ ወዲህ ምግብ እንቢ አላት። ቀኑም ክፉ ነበር፤ ዝናቡ አያባራም፤ ጅቡ ጎህ እስኪቀድ ከአጥራችን ሥር አይሄድም። ሐሙስ ቀን ሰላማዊት በእኔ ስልክ ደወለች፤ እያለቀሰች ነበር። እናቷ መድኃኒት አልወስድም ብላለች፤ ሮማንን ካላመጣችሁ ትላለች።

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ" አለች። "ግን እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እትዬ ሮማን ሰሞኑን ሬሳ ነክተዋል?"

ሮማነወርቅ አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ካጠበች ቆይታለች፤ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"አልነካችም" አልኩ።

"እስከ እሑድም እንዳይነኩ። ከነኩ ግን አይምጡ፤ ለእናቴ ሲሉ።"

ሮማነወርቅ ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ የሴቶቹ ዕድር ዳኛ ወደ ሆነችው ወደ ቀጸላ ቤት ሄደች። እኔም አብሬ ሄድኩ። ቀጸላ አንደበቷ ስለታም፣ ልቧ ግን ክፉ ያልሆነ ሴት ናት።

"እስከ እሑድ ሰው እንዳትልኩብኝ" አለቻት ሮማነወርቅ።

"ለሞት ቀጠሮ እንስጠው ነው የምትይኝ?" አለች ቀጸላ። "ለፋፊው ወጥቶ 'የሰፈሩ ሴቶች ሆይ፣ እስከ እሑድ እንዳትሞቱ፣ ሮማን ጉዳይ አለባት' ይበል?"

"ሌላ ሴት ትጠብ።"

"የቷ ሌላ? የዛሬዎቹ ልጆች የሞተ ሰው በስልክ ካልሆነ አያዩም። እኔ እንደሆንኩ ልቤ ፈሪ ነው። አንቺን ይዘን ነው ዝም ብለን ያረጀነው።" ቀጥላም ፊቷን አይታ ለዘብ አለች። "እሺ። የመጣ እንደሆነ እንደምንም እናደርጋለን። እግዜር እስከ እሑድ ይታገሰን።"

ዓርብ ሰላም ሆነ። ቅዳሜም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሮማነወርቅ ነጭ ቀሚሷን አውጥታ ገመድ ላይ አናፈሰችው፤ ፀጉሯን ቅቤ ተቀባች። እንደዚያ ቀን ቀልጠፍ ብላ አይቻት አላውቅም። ጸሐዬ እንኳ በር ላይ ቆማ፣ "ሙሽራ ሊወስድሽ ነው እንዴ?" ብላ ቀልዳባታለች። ጸሐዬ ያን ቀን ጎመን ስትቀነጥስ ውላለች፤ ምንም አላመማትም ነበር።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ጉሙ ገና ግቢው ውስጥ ነበር። ሮማነወርቅ ነጩን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን እያሰረች ነው። ጋሽ ኤጀታ መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል። ልትቀልድ ቀና ስትል ፊታቸውን አየችና ማሰሩን ተወችው።

"ሮማን" አሉ። "ጸሐዬ አልነቃችም።"

እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"ረፍዷል፣ ተነሺ ብዬ ስቀሰቅሳት" አሉ፤ መጨረስ አቃታቸው። ቆይተው፣ "ሌላ ሴት እንዳትነካኝ ብላለች። ታውቂያለሽ" አሉ።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ትመጫለሽ?"

ሮማነወርቅ እሳቸውን አላየችም። እጇን ነበር የምታየው። "ውሃ ይጣድ" አለች። "እንዳይፈላ። ለብ ይበል።"

"ትመጫለሽ ወይ?"

"እመጣለሁ።"

ጋሽ ኤጀታ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቀና ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሮማነወርቅ ወደ ክፍሏ ገባች። ቆርቆሮዋን ይዛ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ባዶ እጇን ወጣች። በሯን ቆለፈች፤ ቁልፉን ጡቷ ሥር አስገባች። የጋሽ ኤጀታ ቤት በግራ ነው። እሷ ወደ ቀኝ፣ ወደ አጥሩ በር ሄደች።

"ሮማን፣ በዚህ ነው እኮ" አልኳት ደርሼባት።

"አውቃለሁ።"

"ጋሽ ኤጀታስ?"

ቁልቁለቱን ጀመረችው። እንዳትወድቅብኝ ክንዷን ያዝኩ። ታች ታክሲው ጋ ስንደርስ ከኋላችን፣ ከግቢያችን በኩል፣ የመጀመሪያው ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ሌላ ሴት ተቀበለችው። ሮማነወርቅ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳብ አድርጋ ገባች።

መገናኛ ወርደን ሌላ ታክሲ ስንይዝ "ካራ! ካራ! ሁለት ሰው!" የሚለው ረዳት "እማማ፣ ለሠርግ ነው ለልቅሶ?" አላት፤ ነጭ ልብሷን አይቶ። ኮተቤን እስክናልፍ በመስኮቱ ውጭውን ስታይ ቆየች።

"ጸሐዬ አሁን አትቸኩልም" አለች በመጨረሻ። "ደብሪቱ ግን ትቸኩላለች።"

አንድ ሰው ጎረቤቱን ውሃ አስጥዶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። እሷም አይታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ክንዷ በእጄ ውስጥ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ በአማቷ ሬሳ ላይ ያልተንቀጠቀጠው እጅ።

ሰላማዊት በሩ ላይ እየጠበቀች ነበር። መጀመሪያ ያየችው እጇን ነው።

"ነክተዋል?"

"አልነካሁም" አለች ሮማነወርቅ። እውነቷን ነው።

ክፍሉ ሞቃታማና ጨለም ያለ ነበር። ደብሪቱ ግድግዳው ጥግ አልጋ ላይ ተኝታለች። ትልቅ ሴት ነበረች፤ አሁን ብርድ ልብሱ ሥር ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"የቷ እኔ?"

"የቅጠል ሸክሟን ይዛ ገደል የገባችው።"

ደብሪቱ ሳቀች። ከሳቅ ይልቅ የደረቅ ቅጠል ድምፅ ይመስል ነበር፤ ግን ሳቅ ነው። "አልለቅም ብለሽ! ስንጎትትሽ እንኳ ቅጠሉን አልለቅም ብለሽ! ቀሚስሽ ተቀዶ፣ የጫካው ዘበኛ እንኳ ፊቱን አዞረልሽ።" ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ፣ "እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች መሰለሽ፤ ዘበኞቹ እሷን ካዩ ሸክማችንን አይቀሙንም ነበር" አለች።

ሮማነወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የታመመ ሰው አልጋ ላይ ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ደብሪቱ እጇን ስባ አውራ ጣቷን ጨብጣ ያዘች።

"አብጧል" አለች።

"አርጅቷል።"

"ሂጂ ወዲያ! አንቺ ደሞ! ትናንት አይደለም እንዴ…" ብላ ሳትጨርሰው ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው ድምጿ ሌላ ነበር። "ሮማን። አንቺ ይህን ነገር ታውቂያለሽ። ሐኪሞቹ ይዋሹኛል፣ ልጄ ትዋሸኛለች። ደርሷል ወይ?"

ሰላማዊት በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሮማነወርቅ ጎንበስ ብላ የደብሪቱን ጥፍሮች አየች፤ የጆሮዋን ጫፍ አየች፤ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግሯን በመዳፏ ነካች። መልሳ ሸፈነችው። እኔ ፊቷን ከጎን አያለሁ፤ ምን እንዳየች ገባኝ።

"ለመስቀል ድነሽ ትነሻለሽ" አለች።

"ውሸታም" አለች ደብሪቱ፤ ቀስ ብላ። "ድሮም ስትዋሺ አፍንጫሽን ታኪያለሽ።"

እውነትም የሮማነወርቅ ሌላው እጅ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ወደ ጓሮ ይዤው ወጣሁ። ቀጸላ ናት፤ ከኋላዋ ልቅሶው ይሰማል።

"የት ናችሁ? ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ካህናቱ መጥተዋል። ጋሽ ኤጀታ በር ላይ ቆመው ማንንም አላስገባ ብለዋል። እኔ እንኳ ልቤን አጽንቼ 'እኔ ልጠባት' ብላቸው፣ 'ሮማን እመጣለሁ ብላለች' ይሉኛል። ታክሲ ያዙና ኑ!"

"ደብሪቱ ዘንድ ነን" አልኳት።

"ያልታጠበች ጎረቤት ጥላ የሄደችን ሴት ነገ ማን ያጥባታል በያት" ብላ ዘጋችው።

ገብቼ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ደብሪቱ ነቃ ትላለች፣ ታሸልባለች። ነቃ ስትል የሞቱ ሰዎችን ስም እየጠራች የት እንዳሉ ትጠይቃለች፤ ሮማነወርቅ "ደህና ናቸው" ትላታለች። ስታሸልብም አውራ ጣቷን አትለቅም። አንድ ጊዜ ሮማነወርቅ ልትነሳ ሞከረች፤ ቀስ ብላ ጣቷን ስትስብ ደብሪቱ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ሳልተኛ እንዳትሄጂ" አለች።

"አልሄድም።"

"የምቀልድ እንዳይመስልሽ። ስነቃ ካላየሁሽ እጣላሻለሁ።"

ከካራ ማዶ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ጣሪያውን መታ። ሰላማዊት መብራት ልታበራ ሄደች፤ መብራት የለም። ስልኬ እንደገና ጮኸ፤ ይህን ጊዜ እዚያው ሆኜ አነሳሁት። ጋሽ ኤጀታ ነበሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ሮማን አጠገብሽ አለች?" አሉ።

"አለች ጋሼ።"

"ውሃው ለብ ብሏል በያት። በክርኔ ሞክሬዋለሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቀስ ብላ ትምጣ፤ ካህናቱን አስታግሻቸዋለሁ።"

ስልኩን ሳልዘጋ ወደ እሷ ዞርኩ። "ጋሽ ኤጀታ ናቸው። ውሃው ለብ ብሏል ይላሉ" አልኳት።

ሮማነወርቅ ጣቷን በያዘው በዚያ ቢጫ እጅ ላይ ሌላ እጇን ደርባ ተቀምጣለች።

"ሰማሁ" አለች። አልተነሳችም።